ስለ አንዲት ላም የቀረበ ምስጋና

ላሜን ከሱሉልታ ገበያ የገዛኋት ዕለት ሻጩ ሰውዬ «ይቺ ላም ጠባይዋ ልክ እንደ ሰው ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ገመዷን ተቀበልኩ። ሰው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ትንሽ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ገመዱን እዚያው እጁ ላይ ትቼለት እመለስ ነበር።

ዳለቻ እንላታለን፤ መልኳ ግራጫ ስለሆነ። ግትር ናት፣ አኩራፊ ናት፣ የሰው ሳር ካልሆነ አይጥማትም። ባለቤቴ ጌጤ «ቁርጥ አንተን» ትለኛለች። ጌጤ የቡራዩ ልጅ ናት፤ ከከብት ጋር ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ስፌት ተምሬ፣ እሷን ብዬ ቡራዩ የገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአምቦ መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪና ቀሚስ እሰፋለሁ። ስለ ጨርቅ ስናገር ሰው ይሰማኛል። ስለ ከብት ስናገርም ይሰማኛል፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ከንፈሩን ነክሶ መስማቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ነው። ከግቢያችን በታች የሚያልፈው ወንዝ በጋ ላይ ልጆች ዘለው የሚሻገሩት ነው። ነሐሴ ሲገባ ግን ከጋራው የመጣውን ሁሉ ጠራርጎ ይወርዳል። ዳለቻ ታዲያ በዚህ ወር፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ በለበሰበት ወር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሳር አማራት። ገባች። ውኃውም ይዟት ሄደ።

እኔ ዣንጥላዬን ይዤ ደረስኩ። ከማዶ ደግሞ ኦቦ ቱፋ ደረሱ። ኦቦ ቱፋ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴን የሚያህሉ፣ ነገር የማያበዙ ገበሬ። ጋቢያቸውን ጥለው ውኃው ውስጥ ገቡ። እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልቆምኩም። «በቀንዷ ይያዟት፤ የለም፣ በጭራዋ ይሻላል» እያልኩ ከዳር ሆኜ የምችለውን ሁሉ አደርግ ነበር። ዣንጥላውን አላጠፍኩትም፤ ዝናቡ ኃይለኛ ነበር። ምክሬን ይስሙት አይስሙት አላውቅም፣ ብቻ አንገቷን አቅፈው እየተላተሙ ሄደው ታች መታጠፊያው ላይ ይዘዋት ወጡ።

ዳለቻ ራሷን አራገፈችና ሳሯን መጋጥ ጀመረች። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም። እኔ በእሷ ፋንታ አፈርኩ።

«ኦቦ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?» አልኳቸው።

«ማል ጎዴ፣ ኢልመ ኮ? ምን አደረግኩ ልጄ? የዋኘችው ላሟ ናት» አሉና ጋቢያቸውን ጨምቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቢያልቅ ኖሮ እናንተም አሁን ይሄንን በማንበብ ፋንታ ሌላ ሥራችሁን በሠራችሁ ነበር። አያችሁ፣ እኛ ሰው ደግ ሲሠራልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ትልቅ ዘዴ ነው። እኔ አቅም የለኝም፣ እሱ ይስጥልኝ ብሎ ጣጣውን ወደ ላይ ማሳለፍ ነው። የጥንት ሰዎች ይሄንን ያበጁት አውቀው ነው፤ ያለዚያ ጎረቤትና ጎረቤት ሲመሰጋገን ይከርምና አራሽ ይጠፋል። እኔ ግን ያን ዕለት «እግዜር ይስጥልኝ» አነሰብኝ። ላም ያህል ነገር በአፍ ብቻ? እግዜርን ራሱን ልቀድመው ተነሳሁ።

በማግሥቱ ጌጤ ድፎ ዳቦ ደፋች። ከዳቦው አጠገብ አንድ እሽግ ስኳር ጨምረን በእናቷ አገልግል አድርገን ላክን። አገልግሉ ደህና አገልግል ነው፤ ቆዳው ያልተላላጠ፣ ክዳኑ የሚገጥም። እሱም እንግዲህ ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም።

በአገራችን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ይሄንን አዲስ አበባ ያደግኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። አንድ ጭብጥ ጥሬም ቢሆን፣ ጥቂት ጎመንም ቢሆን ጣል ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። የኦቦ ቱፋ ባለቤት እትዬ ድንቄ አገልግሉን የመለሱልን የበቆሎ እሸት ሞልተው ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ነው፤ ገና እነሱ ራሳቸው ያልቀመሱት። አገሬው የመጀመሪያውን እሸት ለራሱ አይበላም፤ አስቀድሞ ለሚያከብረው ሰው ይሰጣል፣ ያስመርቃል፣ ከዚያ ነው ጥርሱን የሚያሳርፍበት።

«አለቀ» አለች ጌጤ እሸቱን እየላጠች። «አመሰገንን፣ መለሱልን፣ አለቀ።»

«እንዴት ነው የሚያልቀው? እንዲያውም ባሰ። ላሚቱን አወጡ፣ አሁን ደግሞ እሸት ሰጡን። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። ጌጤ ይሄንን ስትል ጠንቀቅ ማለት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሐሳቤ ካኪ ጨርቅ ላይ ነበር።

ኮት ልሰፋላቸው ቆረጥኩ። ልለካዎት ብላቸው «ለምኑ?» ብለው እምቢ ስለሚሉ፣ በመንገድ ሲያልፉ በዓይኔ ለካኋቸው። ዓይኔ አድናቆት ስለነበረበት ነው መሰለኝ ሰውዬውን አሳድጎ ነው ያየው። ኮቱ ሲያልቅ ለኦቦ ቱፋና ለአንድ ሌላ መካከለኛ ሰው ባንድነት የሚበቃ ሆነ። እሳቸው ግን እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልለው ለበሱት፤ ከዚያ ወዲያ አላወለቁትም። ቤተ ክርስቲያን በሱ፣ ለቅሶ በሱ፣ አረም በሱ። ጤፍ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ከሩቅ የምታዩት ኮቱን ብቻ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ማን ሰፋልዎት?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሜን ይናገራሉ። ገበያዬ ከዚያ በኋላ ትንሽ መቀዝቀዙን አልደብቃችሁም።

የኮቱ መልስ በሳምንቱ መጣ፤ አገልግሉ ውስጥ አናቱ ላይ ኮባ የለበሰ ቅቤ። ጌጤ ክዳኑን ከፍታ አየችና መልሳ ገጠመችው። እኔ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ለእትዬ ድንቄ ቀሚስ ቆረጥኩ። የቀሚሱ መልስ በግ ሆነ። በግ አገልግል ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በጊቱ አገልግሉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ውስጡ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ባቄላ ተደርጎበታል።

በዚህ መሃል እንቁጣጣሽ ደረሰ። ለልብስ ሰፊ እንቁጣጣሽ ማለት ለገበሬ ታኅሣሥ እንደ ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን የሚያፍስበት ሰሞን ነው። እኔ ታዲያ የሰው ልጆች ቀሚስ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ፣ እናቶቻቸው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ፋኖስ ለኦቦ ቱፋ ለመላክ ብርጭቆውን በጭድ እጠቀልላለሁ። አንዷ እናት «አንተ ሰው፣ የልጄ ቀሚስ ለዚህኛው እንቁጣጣሽ ነው ወይስ ለሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። በትሕትና ለዚህኛው ነው አልኳት። ልጅቷ የለበሰችው ግን ለመስቀል ነው።

ፋኖሱ ከሄደ በኋላ ለጥቂት ቀን ዝም አሉ። እፎይ አልኩ፤ አሸነፍኩ ብዬ ሁሉ አሰብኩ። በቅዳሜው እኔና ጌጤ ገበያ ውለን ስንመለስ ግቢያችን ጠፋብን። ኦቦ ቱፋ ሰው አስተባብረው ዙሪያውን በአዲስ የባሕር ዛፍ አጥር ከበውልን ቆዩን። ጥብቅ ያለ አጥር ነው፤ ዶሮ አያሾልክም። በርም አልነበረውም። እኛ ከውጭ ሆነን ስናይ፣ ዳለቻ ከውስጥ ሆና በስንጥቁ ታየናለች።

«በሩን የት ታደርገው እንደሆነ ሳንጠይቅህ አንቆርጥም ብለን ነው» አሉኝ ኦቦ ቱፋ፣ የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰቡ።

ያን ዕለት ማታ ጌጤ ከፊቴ ተቀመጠች። «ሰውዬው ላም አወጣልህ እንጂ ጦርነት አላወጀብህም» አለችኝ። «ዝም ብለህ ብትቀበል ምን ይቀርብሃል?»

«እንዲሁ ዝም ብዬ?»

«እንዲሁ ዝም ብለህ።»

እኔ ግን በልቤ ለአጥሩ የሚመጥን ምን እንዳለ እያሰብኩ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተረጂ መሆን አልሆንልህ አለኝ። ለሰው ላዝን፣ ሰው ልረዳ እችላለሁ፤ አቀርቅሮ መቀበል ላይ ግን አንገቴ ይደርቃል። ይሄንን ደግሞ ጨዋነት ነው እያልኩ ለራሴ አጨበጭብ ነበር።

መስቀል ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት እትዬ ድንቄ መጡ። አገልግል አልያዙም። አዲሱ በራችን ላይ ቆሙና አልገባም አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ይዘዙኝ እንጂ እትዬ።»

«ማመስገንህን ተውልን።»

ጌጤ መጥረጊያዋን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። እትዬ ድንቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ቅቤው ሲሄድ ዝም አልኩ። በጊቱም ስትሄድ ዝም አልኩ፤ ዓመት ይተካታል ብዬ። አሁን ግን ጉራቻን ሊሰጥህ ነው።»

ጉራቻ በሬ ነው። ኦቦ ቱፋ ያሏቸው ሁለት በሬዎች ናቸው፤ ጥቁሩ ጉራቻና ቀዩ ቦራ። ሁለቱ አንድ ጥማድ ናቸው። አንዱ ከሄደ ሌላው ግጦሽ ላይ ቆሞ ከመዋል በቀር የሚሠራው የለም፤ ኦቦ ቱፋም በስተርጅና የሰው በሬ ደጅ ሊጠኑ ነው፤ የልጆቻቸውም እንጀራ በዚያው ይሄዳል።

«ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ።

«ነገርኩት። ‹ኮት ሰፍቶልኛል› አለኝ። ደግሜ ብነግረው ‹አንቺንም ቀሚስ አልብሶሻል› አለኝ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ወንዝ ወርደን ዋቃ ፈጣሪን ስናመሰግን፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ሊናገር ነው። አንዴ ከተናገረ ደግሞ አይመልሰውም፤ ታውቀዋለህ።»

አውቃቸዋለሁ። በሽማግሌ ፊት እምቢ ብል የዘረጉትን እጅ መግፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ በአንድ መንገድ አንሄድም። ብቀበል ቤታቸውን አፈረስኩ። ጌጤን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ያየችኝ ግን «አላልኩህም?» ብላ ነው።

ብዙ አሰብኩና መጥፋት ይሻላል አልኩ። የሚቀበል ሰው ከሌለ የሚሰጥ የለም። የጌጤ አክስት እትዬ ብርቄ ሰበታ ነው የሚኖሩት። እሁዱ እስኪያልፍ እዚያ ልሰንብት ብዬ በጠዋት ተነስቼ መንገድ ዳር ሎንቺና ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንድ ኮት ብቅ አለ።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ሰበታ» አልኩ። «የጌጤ አክስት ታመዋል።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ዝም ብሎ የወጣ ነገር ነው። ኦቦ ቱፋ ፊታቸው ተለወጠ። «ታመዋል? እና ብቻህን ልትጠይቅ ትሄዳለህ?» አሉና እዚያው ከቆመች ነጋዴ ትርንጎ ገዝተው፣ ሎንቺናው ሲቆም ከእኔ ቀድመው ገቡ።

አዲስ አበባ ወርደን፣ የጅማ መንገድ መኪና ፈልገን፣ ሰበታ እስክንደርስ ድረስ ስለ በሽታ ዓይነቶች አወሩኝ። የጌጤ አክስት በሽታ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አለባቸው አልኩ። አዘኑ። መንገዱን ሁሉ እትዬ ብርቄ ምነው ዛሬ ራሳቸውን እንኳ አሞአቸው በተኙ እያልኩ ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግቢያቸው ስንደርስ እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው መጥረቢያ አንስተው ግንድ ይፈልጣሉ። ሲያወርዱት መሬቱ ይሰማል።

ኦቦ ቱፋ ትርንጎአቸውን ይዘው ቆሙ። «ጌጤ ሌላ አክስት አላት እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እሳቸው ናቸው። ሻል ብሏቸዋል መሰለኝ።»

«ማን ነው ሻል ያለው?» አሉ እትዬ ብርቄ። ጠቀስኳቸው። «ዓይንህን ደግሞ ምን ነካው?» አሉኝ። ደግሜ ጠቀስኳቸው። «ግባ እስቲ፣ ዓይንህን በውኃ ልጠብልህ።»

ኦቦ ቱፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ትናንት አልጋ ላይ የነበሩ ሴት ዛሬ ግንድ ሲፈልጡ ማየት ቀላል ነገር አልሆነላቸውም። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አመሰገኑ። እትዬ ብርቄም ነገሩ ባይገባቸውም፣ አንድ የማያውቋቸው ሽማግሌ ከቡራዩ ድረስ ትርንጎ ይዘው ሊጠይቋቸው መምጣታቸውን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። ባዶ እጅዎን አይሄዱም ብለው ከቆጡ ላይ አንድ የሚያምር አውራ ዶሮ አውርደው ሰጧቸው።

የዚያኑ ዕለት ተመለስን። እሳቸው እዚያ አላድርም ካሉ እኔ ብቻዬን የምቀርበት ሰበብ አልነበረኝም፤ የጌጤ አክስት ድነዋል። አውራ ዶሮው ኮቱ ውስጥ ሆኖ በሁለት ቁልፍ መሃል አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ለሁለቱም ይበቃቸዋል፤ እሱስ ሰፊ ኮት ነው።

ቡራዩ ስንወርድ ኦቦ ቱፋ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ባትወስደኝ እኚህን ደግ ሴት መች አገኛቸው ነበር? ይሄም በአንተ የመጣ ነው። ለእሁድ ያሰብኩልህ ነገር አለ» አሉኝ። እኔ ላስቀረው የሄድኩትን በሬ በአንድ አውራ ዶሮ አጽንቼው ተመለስኩ።

እሁድ ደረሰ። ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ እርጥብ ሳርና አደይ አበባ በእጁ ይዞ፣ ወንዙ ወደሚሰፋበት ሜዳ ወረደ። ጌጤ ደመራ ላይ ችቦ ለኩሳ፣ ከዚያ ደግሞ ሳር ይዛ ወንዝ የምትወርድ ሴት ናት፤ ሁለቱም የእግዜር ናቸው ትላለች። ያ ሲያስፈራራን የከረመው ወንዝ ጠርቶ፣ ጠጠሩ እየታየ ይፈሳል። ሽማግሌዎቹ ሳራቸውን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ክረምቱን ያሻገረንን አመሰገኑ፤ ጨለማው ስላለፈ፣ ጤፉ ስለያዘ፣ ወንዙ የወሰደው ስላልበዛ። ሰዉም «ሃ ተኡ፣ ይሁን» እያለ ይቀበላል።

ኦቦ ቱፋ ከፊት መስመር ቆመዋል። ኮቱን ለብሰዋል። በቀኝ እጃቸው ሳር፣ በግራ እጃቸው የጉራቻ ገመድ። ጉራቻ ታጥቧል፤ ቀንዱ ላይ ሳርና አበባ ተጠምጥሞለታል። እትዬ ድንቄ ከአጠገቡ ቆመው አንገቱን ይዳስሱታል። እኔን አላዩኝም። ባያዩኝም በጀርባቸው የሚሉኝን ሰማሁት።

ጠዋቱን ሙሉ ንግግር ሳጠና ነበር። ማለፊያ ንግግር ነው፤ ስጦታውን በክብር የሚያስቀር፣ ማንንም የማያስቀይም፣ መጨረሻው ላይ ሰው የሚያስለቅስ። ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሲራመዱ፣ ከንግግሬ አንድ ቃል ራሴ ውስጥ አልነበረም።

ብቻ እግሬ ተነሳ። ሽማግሌ ሊናገር ሲል ማቋረጥ ነውር ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ኦቦ፣ ከመናገርዎ በፊት የምለምንዎት ነገር አለ።»

ፊታቸው በራ። ለካ ክረምቱን ሙሉ ስሰጣቸው ስሰጣቸው አንድ ነገር ለምኛቸው አላውቅም። «ለምነኝ፣ ኢልመ ኮ» አሉ። «ያለኝ ሁሉ ያንተ ነው።» ይሄንን ሲሉ ገመዱን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት።

«ይመርቁኝ» አልኩ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። የርስዎ ምርቃት ብቻ ነው የጎደለኝ።»

ብልሃት አልነበረም። አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ግን ካልኩት በኋላ እውነት መሆኑ ተሰማኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ተንበርክኬ ሰው ፊት ስለምን የመጀመሪያዬ ነበር።

ኦቦ ቱፋ ለመመረቅ ሁለት እጅ ያስፈልጋቸዋል። ሽማግሌ በአንድ እጁ በሬ ይዞ አይመርቅም። ገመዱን የሚያኖሩበት ፈልገው ወዲህ ወዲያ ሲሉ፣ እትዬ ድንቄ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሏቸው። ኦቦ ቱፋ ሁለት እጃቸውን ራሴ ላይ ዘርግተው፣ እርጥቡን ሳር ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ክረምቱን ያሻገረን ዋቃ ቤትህን ያሻግረው።»

«አሜን» አልኩ።

«እጅህ አይዛል። መርፌህ አይጥፋ።»

«አሜን።»

«ላምህ ከሳር ትዋል፣ ከውኃ ትራቅ።» ሰዉ ሳቀ። እኔም በእንባዬ ውስጥ ሳቅሁ።

እናንተ እንደምታውቁት ታናሽ ታላቁን አይመርቅም። ሽማግሌ ሲመርቅ ከአሜን በቀር የሚመለስ ነገር የለም፤ ኮት አይሰፋለትም፣ ፋኖስ አይላክለትም። እያንዳንዱ ቃል ሲወርድብኝ አፌ «ለእርስዎም» ሊል ይከፈታል፤ አሜን ብዬ እዘጋዋለሁ። አንገቴ መጀመሪያ ደረቀ፤ ኋላ ግን ቀስ እያለ ላላ።

አንድ ዓይኔን ገልጬ አየሁ። እትዬ ድንቄ አልነበሩም። ጉራቻም አልነበረም። ከሜዳው በላይ ወደ ቤታቸው በሚወስደው ዳገት ላይ አንዲት ነጭ ነጠላ ከፊት፣ አንድ ጥቁር በሬ ከኋላ ሆነው በጸጥታ ይወጣሉ። በሬው ቀንዱ ላይ አበባውን እንደያዘ ነው።

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምናለሁ። ነገር የማያበዙት ሰው ግን ያን ቀን ምርቃታቸው ረዘመ። ጌጤን መረቁ፣ ገና ያልተወለዱትን ልጆቼን መረቁ፣ ሰበታ ያሉትን አክስት መረቁ፣ የስፌት መኪናውን፣ ከዚያ መቀሱን ለብቻው መረቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን የገለጡት በሬውና ነጠላው ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ ከተሰወሩ በኋላ ነው።

ባዶ እጃቸውን አዩ። ዳገቱን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ክንዶቼን ይዘው አነሱኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግንሃለሁ ማለታቸው ነው።

እሸት ሲልኩ፣ ቅቤ ሲልኩ፣ አጥር ሲያጥሩ አንድ ቀን ይቺን ቃል ብለውኝ አያውቁም። ያን ቀን አሉኝ። ምን አድርጌላቸው? ምንም። ተንበርክኬ ለመንኳቸው እንጂ ምን አደረግኩ? ቃሉ ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ የት እንደማኖረው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ነው እኚህን ሽማግሌ ክረምቱን ሙሉ ምን እንዳሸከምኳቸው የገባኝ።

አንድ ነገር ካልሰጠኋቸው የማልድን መሰለኝ። እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄዶ የሐር ሻርፔን መፍታት ጀምሮ ነበር። ጌጤ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችው።

«ተቀበል እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ።

እጄን አወረድኩና ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ።